እናቴን ሳነሳ ወገቤ ተያዘ፣ ለማንም አልተናገርኩም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የ31 አመት ሴት ነኝ፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። እናቴን አምና ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ አእምሮዋ ግን ደህና ነው፣ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ሁሉንም ታውቃለች። ከዛ ወዲህ የማነሳት፣ የማስቀምጣት፣ የማጥባት እኔ ነኝ፣ ስራዬንም ግማሽ ቀን አስደርጌያለሁ። ከአልጋ ሳነሳት ጎንበስ ብዬ እጄን በብብቷ ስር አስገባለሁ፣ እሷ በደህናው እጇ አንገቴን ትይዛለች፣ ከዛ ወደላይ እስባትና ዞር ብዬ ፖፖ ያለበት ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ጠዋት ገና ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ ሳነሳት ወገቤ ቋ ሲል ተሰማኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ ጎንበስ ማለት ይከብደኛል፣ ቀኝ እግሬን ደግሞ እስከ ባቴ ድረስ ይነዝረኛል። ለማንም አልነገርኩም። ሳነክስ ያዩኝ ጎረቤቶች አንዷ የወገብ ቀበቶ ግዢ ትለኛለች፣ ሌላዋ ጎበዝ ወጌሻ አለ ልውሰድሽ ትለኛለች። ታላቅ ወንድሜ ዱባይ ነው፣ ብር ይልካል፣ ከመጀመሪያውም ሰራተኛ ቅጠሩ ብሎ ነበር፣ እናቴን የሰው እጅ ላይ አልጥልም ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ምን ብዬ ልንገረው? ታናሼ 22 አመቱ ነው፣ ቤት ውስጥ አለ ግን እማዬ «ወንድ ልጄ ገላዬን አያይም» ስለምትል ክፍሏ ብዙም አይገባም።

በጣም ያስጨነቀኝ ደግሞ ሰሞኑን እማዬ ውሃ መጠጣት ቀንሳለች፣ ሻይም ሲቀርብላት በቃኝ ትላለች። ሽንት እንዳይመጣባትና እኔን እንዳታስቸግር ይመስለኛል። እሷ 65 ኪሎ ነች፣ እኔ 58። ድሮ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዤ ሶስተኛ ፎቅ የምወጣ ሰው ምን ነካኝ? ዲስክ ይሆን? ለእማዬስ ልንገራት ወይስ ልደብቃት? እናቴን የከዳኋት ያህል እየተሰማኝ ነው።

የእናቷ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ፣ አንቺንም እናትሽንም። ብዙ ነገር ነው ያነሳሽው ግን ከሁሉ በፊት የያዘኝ የውሃው ነገር ነው። እናትሽ ውሃ የቀነሰችው ስታነሺያት ፊትሽ ላይ የሆነ ነገር ስላየች ይመስለኛል፣ ትንፋሽሽን ስትይዢ፣ ጥርስሽን ስትነክሺ፣ ካስቀመጥሻት በኋላ ግድግዳውን ይዘሽ ስትቆሚ። ስለዚህ ልደብቃት ወይ ለሚለው፣ እንደኔ እንደኔ እስካሁንም አልተደበቀም፣ እሷ ያላወቀችው ምን ያህል እንዳመመሽና ምን ልታደርጊ እንዳሰብሽ ብቻ ነው፣ እሱን የሚነግራት ሰው ስላጣች ደግሞ በራሷ መንገድ ሸክሙን ልታቀልልሽ እየሞከረች ነው። እሱ መንገድ ግን ለሷ አይሆንም፣ ውሃ ሲያንሳት ሆድ ድርቀት ይመጣል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ይመጣል፣ አልጋ ላይ ለሚውል ሰው ሁለቱም ከባድ ናቸው። ዛሬ ማታ አጠገቧ ቁጭ በይና «እማዬ ወገቤን ትንሽ አሞኛል፣ የማነሳበትን መንገድ ልቀይር ነው፣ አንቺ ደግሞ ውሃሽን ጠጪልኝ፣ ባልጠጣሽ ቁጥር እኔ ነኝ የምጨነቀው» በያት። ምናልባት ውሃ ስትጠጣ ትን የሚላት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ከስትሮክ በኋላ የመዋጥ ችግር ሊኖር ስለሚችል ለሀኪሟ ንገሪ።

አሁን ወደ እግርሽ። እስከ ባት ድረስ የሚነዝር ህመም ብዙ ጊዜ ከወገብ የሚወጣ ነርቭ ሲነካ የሚመጣ ነው፣ ስለዚህ «ዲስክ ይሆን» ማለትሽ ከመሬት የተነሳ አይደለም፣ ዲስክ የሚባለው በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ መሰል ነገር ነው። ግን ልጠይቅሽ፣ እግርሽ ይደክማል ወይ፣ ማለት ስትራመጂ ጫማሽ ይንሸራተታል ወይ ጣቶችሽን ወደላይ ማንሳት ያቅትሻል? በጭኖችሽ መሀልና መቀመጫሽ አካባቢ ይደነዝዝሻል? ሽንት ወይ ሰገራ መቆጣጠር አስቸግሮሻል ወይ ሽንት አልወጣ ብሎሻል? ከነዚህ አንዱ እንኳን ካለ ነገ ሳትዪ ዛሬውኑ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ይሄ በሰአታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው። ከህመሙ ጋር ትኩሳት ካለሽም ዛሬውኑ ታዪ። የለም ካልሽኝ ደስ ይለኛል፣ ያኔም ቢሆን ሁለት ወር ቆይቷልና በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪና ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ኤምአርአይ ካልተነሳሁ ብለሽ ግን ብር አታውጪ፣ ምንም ህመም የሌላቸው ሰዎች ሲነሱም ዲስካቸው ያበጠ ወይ ያረጀ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው፣ ሀኪሙ መርምሮሽ ያስፈልጋል ካለ ያኔ ይታዘዝልሻል። እንዲህ አይነቱ የነርቭ ህመም አብዛኛው ያለ ኦፕሬሽን በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፣ የሚጎዳው ነገር ከቀጠለ ግን እንዴት ይቀላል።

ምን ነካኝ ላልሽው፣ ደክመሽም አርጅተሽም አይደለም፣ ቆም ብለሽ ብታስቢው ጀሪካኑን ስትሸከሚ የነበረው ቀጥ ብለሽ፣ ከሰውነትሽ ጋር አስጠግተሽ ነው። ታናሽ ወንድምሽን ጥሪውና ባለ አምስት ሊትር ዘይት ስጪው፣ መጀመሪያ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይያዘው፣ ቀጥሎ ሁለት ክንዱን ከፊቱ ዘርግቶ ይያዘው። ዘይቱ ያው ነው፣ አንድ ግራም አልጨመረም፣ ክንዱ ግን ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ወገብም ላይ የሚሆነው ይሄው ነው፣ የሚከብደው ኪሎው ብቻ አይደለም፣ ኪሎው ከአከርካሪሽ ያለው ርቀትም ነው፣ ሁለቱ ይባዛሉ።

ጎንበስ ስትይ ብዙው ጫና የሚያርፈው ከዳሌ አጥንትሽ ትንሽ ከፍ ብለው ያሉት የመጨረሻዎቹ ዲስኮች ላይ ነው። ከፊትሽ የእማዬ ክብደት ወደታች ይስብሻል፣ ከኋላሽ ደግሞ ከአከርካሪሽ ግራና ቀኝ የተዘረጉት ጡንቻዎች እንዳትደፊ መልሰው ይጎትታሉ፣ እነሱ ግን ከመታጠፊያው ያላቸው ርቀት 5 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። በግርድፉ እናስላው። ከእማዬ 65 ኪሎ ውስጥ አንቺ ላይ የሚያርፈው 30 ኪሎ ነው እንበል፣ አልጋው ስለሚያርቅሽ 45 ሴንቲሜትር ከፊትሽ ነች፣ 30 በ45 ሲባዛ 1350። የራስሽ ጭንቅላት፣ ክንድና ደረትም ስትጎነበሺ ሸክም ነው፣ ወደ 32 ኪሎ በ25 ሴንቲሜትር፣ 800። ድምሩን 2150 ለ5 ስታካፍዪው 430 ኪሎ ይመጣል። 430 ኪሎ እህቴ! ይሄ ጡንቻሽ ብቻውን የሚጎትተው ነው፣ ጡንቻው ሲጎትት ደግሞ ዲስኩን እንደዛው ይጨምቀዋል። አሜሪካ ያለው ኒዮሽ የሚባለው የስራ ደህንነት ምርምር ተቋም አከርካሪ ላይ የሚያርፈው ጫና ከ3400 ኒውተን፣ ማለትም ከ350 ኪሎ ገደማ ሲያልፍ የመጎዳት ስጋቱ ይጨምራል ይላል። አሁን ያንኑ 30 ኪሎ ወደ 20 ሴንቲሜትር አስጠጊው፣ ራስሽም ብዙ ሳትጎነበሺ 10 ሴንቲሜትር ብቻ ብትይ፣ 920 ለ5፣ 184 ኪሎ። እናትሽ አልቀለለችም፣ አንቺም አልጠነከርሽም፣ ርቀቱ ብቻ ነው የተቀየረው።

ሰውነታችን እንዲህ የተሰራ መሆኑ ድሮም ታውቋል፣ ቦሬሊ የሚባል ጣሊያናዊ ሊቅ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጡንቻ ከሚያነሳው ሸክም ስንትና ስንት እጥፍ እንደሚጎትት አስልቶ ነበር። በፈረንጆቹ 1999 ደግሞ ጀርመን ኡልም የሚገኙ ተመራማሪዎች የአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ የግፊት መለኪያ አስገብተው ያሳተሙት ውጤት አለ፣ ሰውዬው ዝም ብሎ ሲቆም 0.5 ሜጋፓስካል (የግፊት መስፈሪያ ነው)፣ 20 ኪሎ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሲይዝ 1.1፣ ያንኑ 20 ኪሎ ጀርባውን አጉብጦ ከመሬት ሲያነሳ 2.3። እዛው ላይ ያገኙት ሌላ ነገር አንቺን በቀጥታ የሚነካ ነው፣ ሌሊት ስንተኛ ዲስኮቻችን ውሃ ይመጥጣሉ፣ ያብጣሉ፣ ግፊታቸው ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ለዛ ነው ጠዋት ወገብ ድርቅ የሚለው። ቋ ያለሽ ገና እንደተነሳሽ መሆኑ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ስለዚህ ከባዱን ማንሳት ከእንቅልፍሽ ተነስተሽ ትንሽ ቤት ውስጥ ከተንቀሳቀስሽ በኋላ አድርጊው፣ በሱ ሰአት የእማዬ ሽንት ግድ ከሆነ ሳትነሳ ጎን ጎኗን ገልበጥ አድርገሽ ጠፍጣፋውን ፖፖ ተጠቀሚ።

ኒዮሽ ሁሉም ነገር ምቹ ሲሆን፣ እቃው ቅርብ ሆኖ፣ መያዣ ኖሮት፣ ወገብ ሳይዞር፣ አንድ ሰው ማንሳት ያለበት ቢበዛ 23 ኪሎ ነው ይላል። ህመምተኛ ለማንሳት ደግሞ 16 ኪሎ ገደማ ነው የሚሉት፣ ምክንያቱም ሰው እንደ ጆንያ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይንሸራተታል፣ ይደነግጣል፣ ድንገት ይከብዳል። 65 ኪሎ ብቻሽን ለወራት ስታነሺ የቆየሽ ልጅ ነሽ። እናቴን ከዳሁ የሚለውን ሀሳብ ከዚህ ቁጥር ጎን አስቀምጪውና እስኪ እዪው።

«ጉልበትሽን አጥፈሽ ወገብሽን ቀጥ አድርገሽ አንሺ» የሚለውን ምክር ሳትሰሚ አልቀረሽም። ለጆንያ ጥሩ ነው፣ ጉልበቶችሽ መሀል አስጠግተሽ ታነሺዋለሽ። አልጋ ላይ ላለ ሰው ግን ጉልበትሽ አልጋው ስር አይገባም፣ ብታጥፊውም ርቀቱ አይቀንስም፣ ስለዚህ ዋናው ነገር ማንሳቱን ራሱን መቀነስ ነው። እናትሽ ቀኝ እጇም ቀኝ እግሯም ደህና ናቸው፣ ይሄ ትልቅ ሀብት ነው። ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ ጉልበቷን አጥፋ በጎኗ ትዙር፣ ከዛ እግሮቿ ቀድመው ከአልጋው ጠርዝ ወደታች ይውረዱ፣ እግሮቿ ሲወርዱ ክብደታቸው ደረቷን ወደላይ ያግዛል፣ አንቺ በትከሻዋ ጀርባና በዳሌዋ ይዘሽ ክብደትሽን ከአንድ እግርሽ ወደ ሌላው እያዛወርሽ ትመሪያታለሽ እንጂ አትጎትቻትም። በየትኛው ጎን ብትነሳ እንደሚሻላት ፊዚዮቴራፒስት አንድ ጊዜ ቤት መጥቶ ቢያሳያችሁ ገንዘቡ አይቆጭም።

ከዛ ወንበሩ። በቀኟ በኩል፣ በደህናው ጎኗ፣ ከአልጋው ጋር ተጠግቶ ይቀመጥ። እማዬ ወደ አልጋው ጠርዝ ቀረብ ትበል፣ እግሮቿ ከጉልበቷ ስር ወደኋላ ገብተው መሬት በደንብ ይርገጡ፣ ደካማው ጉልበቷ እንዳይከዳት በጉልበትሽ ደግፊላት። ከዛ ወደላይ ሳይሆን ወደፊት ታዘንብል፣ አፍንጫዋ ከእግር ጣቶቿ በላይ እስኪደርስ። እዛ ስትደርስ ክብደቷ እግሯ ላይ ያርፋል፣ መቀመጫዋ ራሱ ቀለል ይላል፣ ያኔ «አንድ ሁለት ሶስት» ብላችሁ አብራችሁ ትነሳላችሁ። ስትዞሩ ወገብሽን አታዙሪ፣ በትንንሽ እርምጃ እግርሽን አዙሪ፣ መጎንበስና መዞር አንድ ላይ ሲሆኑ ለዲስክ ከሁሉም የከፋ ነው።

አንገትሽን መያዟን ግን ከዛሬ ጀምሮ አስቁሚያት፣ ስትጎነበሺ ከወገብሽ በጣም የራቀው ቦታ አንገትሽ ነው፣ እዛ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ሁሉ ወገብሽ ላይ ተባዝቶ ነው የሚመጣው። በምትኩ ክንድሽን ወይ የወንበሩን መደገፊያ ትያዝ። አንቺም በብብቷ ስር አታንሺያት፣ በተለይ ግራ ክንዷን በፍጹም አትጎትቺው፣ ከስትሮክ በኋላ የላላ ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይወጣል። የሷ ሰፊ መቀነት ካለ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪውና እሱን ያዢ፣ መያዣው ወደ አንቺም ወደ መካከሏም ይቀርባል።

አልጋ ላይ ወደላይ ስታስጠጊያትም አትሸከሚያት፣ ይንሸራተት። ከትከሻዋ እስከ ጭኗ ሁለት እጥፍ አንሶላ፣ ስሩ ደግሞ እንደ ገበር ያለ ልስልስ የሚያንሸራትት ጨርቅ አንጥፊ፣ ሰበቃው ሲቀንስ የሚያስፈልገው ጉልበት ከማንሳት ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው፣ በዛ ላይ እሷ ቀኝ ጉልበቷን አጥፋ በእግሯ ትግፋ። ስትጨርሱ ልስልሱን ጨርቅ አውጪው፣ አለዚያ ተንሸራታ ልትወድቅ ትችላለች። ይሄኛው ሁለት ሰው፣ አንድ በዚህ አንድ በዛ፣ ይፈልጋል። የአልጋው ቁመትም ይታሰብ፣ ዝቅ ያለ ከሆነ በእግሮቹ ስር ጠንካራ የማይነቃነቅ ጣውላ ማስገባት ይቻላል፣ ስትቀመጥ እግሯ መሬት እስከሚነካ ድረስ ብቻ ነው ግን።

ቀበቶውን ለጊዜው ተዪው። ኒዮሽ በፈረንጆቹ 1994 ነገሩን አይቶ ጤነኛ ሰራተኛን ከወገብ ጉዳት ይከላከላል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል፣ እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ቀበቶውን ስትታጠቂ አሁን እችላለሁ ብለሽ እንዳታነሺ ነው። ወጌሻውን በተመለከተ፣ ጎረቤትሽ ከልቧ አዝና እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እግር ድረስ የሚነዝር ህመም ሳይመረመር ወገብን መጎተትም መርገጥም ነርቩን የባሰ ሊጎዳ ይችላል፣ እባክሽን እምቢ በይ። አልጋ ላይም አትክረሚ፣ ህመሙ በፈቀደልሽ መጠን መራመዱ ወገብን ያግዘዋል።

ዱባይ ላለው ወንድምሽ ምን ልበለው ብለሻል። ተሸነፍኩ እንደማለት አትውሰጂው፣ ያኔ ያላወቅሽውን አሁን አውቀሻል። «ወንድሜ፣ እማዬን ብቻዬን ሳነሳ ወገቤ ተጎድቷል፣ እየታከምኩ ነው፣ ሁለት ሰው ያስፈልገናል። ያልከው ሰራተኛ እንቅጠር፣ ከሷ በፊት ግን ፊዚዮቴራፒስት አንድ ቀን መጥቶ ያሳየን» ብለሽ ቮይስ ላኪለት፣ ስንት ብር እንደሚፈጅም ጠይቀሽ ቁጥሩን ጨምሪለት፣ ሩቅ ያለ ሰው ልኩን ሲያውቅ ይረጋጋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የምትቀጠረው ልጅ ምናልባት ካንቺም በእድሜ ታንሳለች፣ ለሷም እማዬ 65 ኪሎ ነች፣ የሷም ጡንቻ 5 ሴንቲሜትር ላይ ነው ያለው። አንቺ ስራ ሄደሽ እሷ ብቻዋን በብብት ስር የምታነሳ ከሆነ ጉዳቱን ከአንቺ ወገብ ወደሷ ወገብ ነው ያዛወርነው፣ የሷ ደግሞ የሚያሳክማትም የለ ይሆናል። ስትገባ ከመጀመሪያው ቀን አሳዪያት፣ ብቻሽን አታንሺ በያት፣ ስትቀጥሪም ስራው ምን እንደሆነ ሳትደብቂ ንገሪያት። ሰው እጅ መጣል ያልሽውም ነገር እንዲህ ሲሆን ትርጉም ያለው አይመስለኝም፣ አንቺ እዛው ነሽ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሁለት እጅ ነው የተጨመረው።

ሁለተኛው ሰው ደግሞ እቤት ውስጥ አለ። እማዬ ያለችው ገላዬን አያይም ነው፣ አይንካኝ አላለችም። ለብሳ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመዛወር፣ ነጠላዋን ተከናንባ በአንሶላ ለመሳብ፣ ገላዋ መታየት የለበትም፣ ማጠቡና ልብስ መቀየሩ በሴት እጅ ይቀጥላል። ይሄን ለሷ በዚህ መልኩ ተነግሯት ያውቃል? እሱስ ተጠይቆ ያውቃል ወይስ አያደርግም ተብሎ ታልፎ ነው? እኔ ብሆን ለእማዬ እሱ በሌለበት ቀድሜ ነግሬ ፈቃዷን እጠይቃለሁ፣ ከፈቀደች ቅዳሜ ከሰአት ማንም በማይቸኩልበት ሰአት ሶስታችሁም ክፍሏ ውስጥ ሆናችሁ፣ መጀመሪያ አንቺ አልጋው ላይ ተኝተሽ እሱ አንቺን ያስነሳሽ፣ እማዬም እያየች ታርመው፣ ከዛ ተራዋ ሲደርስ እሱ መቀነቷን ይያዝ፣ አንቺ ወንበሩ ጎማ ካለው ቆልፈሽ ከጎኗ ቁሚ።